ሰባት ወር የቆየ የሆድ ህመም፦ ክሮን ነው ወይስ ቲቢ?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 31 ነው። ተወልጄ ያደግኩት ሰላሌ ነው፤ ፍራንክፈርት ከገባሁ 6 ዓመት ሆኖኛል። ከ7 ወር ወዲህ ሆዴን በስተቀኝ ከታች በኩል ያመኛል። ከበላሁ በኋላ ይብስብኛል፤ ይነፋኛል፣ ይጮህብኛል። 9 ኪሎ ቀንሻለሁ። ሌሊት ያልበኛል። ትርፍ አንጀቴ ከ2 ዓመት በፊት በኦፕራሲዮን ወጥቷል። ለእረፍት አገር ቤት ሄጄ ሁለት ጊዜ ታይፎይድ ነው ተብዬ ሲፕሮ ወሰድኩ። ስወስደው ሻል ይለኛል፣ ሳቆመው ይመለሳል። እዚህ ደግሞ በኮሎኖስኮፒ (በፊንጢጣ በሚገባ ካሜራ) የትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ ቁስል ተገኘና ‹ክሮን ይመስላል፣ ፕሬድኒሶሎን እንጀምር› ተባልኩ። ያልታወቀ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል? ምን ምርመራ ልጠይቅ? ተላላፊ ከሆነስ ለባለቤቴና ለልጄ አስተላልፌ ይሆን?»

ምላሽ፦ አዎ፣ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ያውም በእርስዎ ታሪክ ከሁሉ በፊት የምጠረጥረው ሁላችንም ስሙን የምናውቀውን ነው፤ ቲቢን። ቲቢ ሲባል ሳል ነው የሚታሰበን። አንጀት ትዝ የሚለው ሰው ጥቂት ነው።

ሳልመረምርዎ በሽታዎ ይህ ነው ልልዎ አልችልም። ግን የፕሬድኒሶሎኑን የመጀመሪያ ክኒን ከመዋጥዎ በፊት ሐኪምዎን አንድ ነገር ቢጠይቁልኝ ደስ ይለኛል፦ «ቲቢ አለመሆኑን በምን አረጋገጥን?» መልሱ «የደረት ራጅዎ ንጹህ ነው» ብቻ ከሆነ በቂ አይደለም። የሆድ ቲቢ ካለባቸው ሰዎች የብዙዎቹ ሳንባ ላይ ምንም አይታይም።

ሐኪሙ ክሮንን መጠርጠሩ ግን ተገቢ ነው። ክሮን የሰውነት መከላከያ የራሱን አንጀት የሚያቆስልበት የቆየ በሽታ ነው። ስሙን ያገኘው በ1932 ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ኒውዮርክ ላይ በዝርዝር ከጻፈለት ሐኪም ነው። ችግሩ ሁለቱም በሽታዎች አንድ ቦታ መውደዳቸው ነው፤ ትንሹ አንጀት ከትልቁ የሚገናኝበትን። እዚያ ቦታ ላይ የመከላከያ ሴሎች የሞሉበት ሥጋ በብዛት አለ፤ ምግብም ሲደርስ ረገብ ብሎ ይቆያል። የቲቢ ባክቴሪያ ለመጠጋት የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ቦታ ነው። ቁስሉን በካሜራ ሲያዩት አንዱን ከሌላው መለየት ለለመደ ዓይን እንኳ ከባድ ነው።

ሐኪም ደግሞ አዘውትሮ የሚያየውን ነው ቶሎ የሚጠረጥረው። ፍራንክፈርት ላይ እንዲህ ያለ ቁስል ሲገኝ ከቲቢ ይልቅ ክሮን ሆኖ መገኘቱ ይበዛል። አገራችን ውስጥ በቲቢ ከሚታመሙት ሲሶ የሚሆኑት በሽታው ያለባቸው ከሳንባ ውጭ ነው፤ በንፍፊት፣ በአጥንት፣ በሆድ። ባክቴሪያው በልጅነት ገብቶ ለዓመታት ተኝቶ ሊቆይና በኋላ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ «እዚህ ከመጣሁ 6 ዓመት ሆኖኛል» የሚለው ነፃ አያወጣዎትም። የት እንዳደጉ፣ ቤተሰብ ውስጥ ወይም ጎረቤት በቲቢ የታከመ ሰው እንደነበረ፣ ጥሬ ወተት ይጠጡ እንደነበረ ሳይጠየቁ ይናገሩ።

ነገሩ ለምን እንዲህ እንዳስጨነቀኝ ልንገርዎ። ክሮን ሆኖ ሳለ በስህተት የቲቢ መድኃኒት ቢሰጥዎ ጊዜ ይባክናል፤ ጉበትም ሊያስቸግር ይችላል፤ ግን ክትትል ካለ ብዙውን ጊዜ ይታረማል። ቲቢ ሆኖ ሳለ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ ብቻ ቢሰጥ ግን የሰውነት መከላከያ ይዳከምና ባክቴሪያው እንደልቡ ይሆናል። ወደ ሌላ አካል ሊሰራጭ፣ አንጀትም ሊበሳ ይችላል። ከስቴሮይዱ ቀጥለው የሚመጡት ኢንፍሊክሲማብና አዳሊሙማብ የሚባሉት የክሮን መድኃኒቶች ደግሞ በዚህ የባሱ ናቸው። ወጥመዱ ሌላ ነው፦ ስቴሮይድ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የቲቢውን ህመምና ትኩሳትም ያበርዳል። ሰውየው ተሻለኝ ይላል፣ ሐኪሙም ክሮን ነው ብሎ ይደመድማል። መድኃኒቱን አስቀድመው ጀምረውት ከሆነ ግን በራስዎ ድንገት አያቁሙ። ዛሬውኑ ሐኪምዎ ጋ ይደውሉ።

አሁን ወደ ሲፕሮው ልመለስ፤ ከጻፉት ሁሉ ዓይኔን የሳበው እሱ ነው። ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚመደብበት የመድኃኒት ቤተሰብ የቲቢን ባክቴሪያም ይነካል። የቅርብ ዘመዶቹ ሌቮፍሎክሳሲንና ሞክሲፍሎክሳሲን መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ሕክምና ይውላሉ። ስለዚህ ቲቢ ያለበት ሰው ለሌላ ተብሎ ሲፕሮ ሲወስድ ለጥቂት ቀናት ሻል ሊለው ይችላል። አይድንም፤ በሽታው ይደበቃል። ካልቸር ቢሠራ (ባክቴሪያውን ከናሙና ላቦራቶሪ ውስጥ ለማሳደግ ቢሞከር) ባክቴሪያው አላድግ ይላል፤ መድኃኒቱንም የመላመድ ዕድል ያገኛል። ልብ ይበሉ፣ ይህ ፍንጭ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። ክሮን ያለባቸውም በሲፕሮ ሻል ሊላቸው ይችላል። ሌሊት ከሚያልብዎትና ከቀነሱት ኪሎ ጋር ሲደመር ነው ክብደት የሚኖረው።

ታይፎይድ የተባለውስ? አገር ቤት ስለዚህ ጉዳይ ያልተነገረው ሰው ያለ አይመስለኝም። «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» የሚለው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ዊዳል እና ዌል-ፌሊክስ ከሚባሉ ሁለት የደም ምርመራዎች ነው። ዊዳል ከ1896 ጀምሮ ያለ ምርመራ ነው። የሚለካው ባክቴሪያውን አይደለም፤ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሠራውን አንቲቦዲ ነው። ታይፎይድ በሚበዛበት አገር ያደገ ሰው ድሮ ከያዘው በሽታ የተረፈ አንቲቦዲ ሊኖረው ይችላል። ክትባቱም ሌሎች ባክቴሪያዎችም ውጤቱን ከፍ ያደርጉታል። አንድ ጊዜ ብቻ ተወስዶ «1፡160» የሚል ወረቀት ታይፎይድ ለመኖሩ ማረጋገጫ አይሆንም። ትክክለኛው መንገድ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት የደም ካልቸር መሥራት ነው፤ እሱም ቢሆን ካሉት ሕመምተኞች ግማሽ ያህሉን ሊስት ይችላል። ደግሞስ ታይፎይድ በሳምንታት የሚቆጠር ትኩሳት ያለው በሽታ ነው። ሰባት ወር እየሄደ እየመጣ ቀኝ ጎን የሚያም፣ ዘጠኝ ኪሎ የሚያስቀንስ ነገር ታይፎይድ አይደለም ብል አላጋነንኩም። አንድ ሰው በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ታይፎይድ ያዘህ ሲባል መጠየቅ ያለበት «ምን እየታለፈ ነው?» ብሎ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የደም ወረቀት መደራረብ አያዋጣም፤ ሥጋው ራሱ መመርመር አለበት። በኮሎኖስኮፒ ጊዜ ከቁስሉ የተወሰዱ ቁርጥራጮች ፓቶሎጂ (ሥጋ በማይክሮስኮፕ የሚመረመርበት ክፍል) ሄደው ይሆናል። እዚህ ላይ አንዲት ትንሽ ነገር ብዙ ታበላሻለች፤ ዕቃው። ናሙና እንደ ልማድ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል። ፎርማሊን ሥጋውን ለማይክሮስኮፕ ያቆየዋል፣ ባክቴሪያውን ግን ይገድለዋል። ከሞተ ባክቴሪያ ካልቸር አይሠራም። የዘረመል ምርመራውም ከፎርማሊን በወጣ ሥጋ ላይ አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ከቁስሉ ጠርዝና ከወለሉ በርከት ያለ ናሙና ተወስዶ፣ ከፊሉ ፎርማሊን ውስጥ፣ ከፊሉ በንጹሕ ሳላይን (የጨው ውሃ) ወዲያው ወደ ማይክሮባዮሎጂ መሄድ አለበት። የመጀመሪያው ናሙና በሙሉ ፎርማሊን ገብቶ ከሆነ ኮሎኖስኮፒው እንዲደገም መጠየቅ ነውር የለውም። ደስ የማይል ነገር መሆኑን አውቃለሁ፤ ያንን ሁሉ ፈሳሽ ጠጥቶ ሌሊቱን ሽንት ቤት ማደር! ቢሆንም የተሳሳተ መድኃኒት ለዓመታት ከመውሰድ ይሻላል።

ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ የሚፈልገው ግራኑሎማ የሚባል የመከላከያ ሴሎች ክምችት ነው። በሁለቱም በሽታዎች ይገኛል። ትልልቅ ሆኖ እርስ በርሱ ከተያያዘ፣ በተለይ መሐሉ ሞቶ አይብ የመሰለ ነገር ከያዘ፣ ወደ ቲቢ ያመዝናል። የሳላይኑ ናሙና ደግሞ የባክቴሪያውን ዘረመል ለሚፈልገው ለጂን ኤክስፐርት ወይም ለሌላ ፒሲአር እና ለቲቢ ካልቸር ይላካል። ጂን ኤክስፐርት በሰዓታት ውስጥ መልስ ይሰጣል፤ ፖዘቲቭ ካለ ነገሩ አለቀ። ኔጌቲቭ ካለ ግን ምንም አላለቀም፤ በአንጀት ናሙና ላይ ብዙ ያመልጠዋል። በፈሳሽ የሚሠራው ካልቸር እስከ 6 ሳምንት ይጠበቃል። ይህን ያህል መጠበቅ የሚያስፈልግበት ተጨማሪ ምክንያት እርስዎ ጋ አለ። ጂን ኤክስፐርት የሰውን ቲቢ ከከብት ቲቢ አይለይም። በጥሬ ወተት የሚመጣው የከብቱ ባክቴሪያ ከአራቱ የመጀመሪያ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ፒራዚናማይድ በተፈጥሮው አይሠራበትም። አብዛኛው የሆድ ቲቢ በአገራችንም ቢሆን የሰው ቲቢ ነው፤ ሰላሌ ተወልዶ ጥሬ ወተት ሲጠጣ ያደገ ሰው ግን ዝርያው ቢለይለት ይሻላል።

ከዚህ ጎን የሆድ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ፣ የደረት ምስል፣ እና የኤችአይቪ ምርመራ ይደረጋል። መሐላቸው የሞተ ያበጡ ንፍፊቶች፣ ሆድ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ፣ አጭር የአንጀት ክፍል ብቻ መወፈር ወደ ቲቢ ይጎትታሉ። ረጅም የተጎዳ አንጀት፣ በፊንጢጣ ዙሪያ መግል የሚያወጣ ቀዳዳ፣ ለረጅም ጊዜ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ወደ ክሮን። ኳንቲፌሮን የሚባለውን የደም ምርመራ ጀርመን ውስጥ ያዙልዎታል። ፖዘቲቭ ቢሆን ባክቴሪያው አንድ ጊዜ ገብቶ እንደነበረ ይናገራል እንጂ አሁን አንጀትዎን ያቆሰለው እሱ መሆኑን አይናገርም። ኔጌቲቭ ቢሆንም ቲቢ የለም ማለት አይደለም።

ሁሉም ተሠርቶ መልስ ሳይገኝ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ ይህ ብርቅ አይደለም። ያኔ ቲቢ ከሚበዛበት አካባቢ ለመጣ ሰው፣ ጥርጣሬው ጠንካራ ከሆነ፣ የቲቢ ሕክምና ተጀምሮ ከ2 እስከ 3 ወር በኋላ ኮሎኖስኮፒው ይደገማል። ቲቢ ከሆነ ቁስሉ መዳን አለበት። «ተሻለኝ» ማለት ብቻ አይበቃም፣ በካሜራ መታየት አለበት። ከዳነ ሕክምናው 6 ወር ይሞላል። ካልዳነ ክሮን ወይም መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ይህ ግን ካልቸሩ ከተላከ በኋላ በሐኪም ውሳኔ የሚደረግ ነው። ከዘመድ የተረፈ የቲቢ ክኒን መሞከር የለም!

ይህን ሁሉ እየጠበቁ ሳለ ሆድዎ ድንገት ከተወጠረ፣ ትውከት አልቆም ካለ፣ ጋዝና ሰገራ ከቆመ፣ ወይም ሆድዎ እንደ እንጨት ከደረቀ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። አንጀት ተዘግቶ ወይም ተበስቶ ሊሆን ይችላል።

ሌሎቹንም ባክቴሪያዎች ጠይቀዋልና ልንካቸው። በእርስዎ ሁኔታ ከቲቢ ቀጥዬ የማስበው አክቲኖማይሲስን ነው፤ ምክንያቱም ትርፍ አንጀትዎ ወጥቷል። ይህ ባክቴሪያ በጤነኛ ሰው አፍና አንጀት ውስጥ ዝም ብሎ የሚኖር ነው። አንጀት ሲበሳ ወይም ሲቆረጥ ከቤቱ ይወጣና በወራት ወይም በዓመታት ውስጥ ጠንካራ እብጠት ይሠራል። ካንሰር ነው ተብሎ ኦፕራሲዮን የሚደረግለት ሰው ብዙ ነው፤ እውነቱ የሚታወቀው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በፓቶሎጂ ነው። ካልቸሩ አየር የማይገባበት ዕቃ ይፈልጋል፣ እስከ 3 ሳምንትም ሊወስድ ይችላል። ደግነቱ በፔኒሲሊን ይድናል፣ ለወራት መወሰድ ቢኖርበትም። ሴት አንባቢዎቼ ደግሞ ይህን ይያዙልኝ፦ ሉፕ ለብዙ ዓመት ሳይቀየር ከቆየና ታችኛው ሆድ ያለማቋረጥ የሚያም ከሆነ ይኸው ባክቴሪያ ሊታሰብ ይገባል።

የርሲኒያ የሚባለውም የትንሹን አንጀት መጨረሻ ያቆስላል፤ ትርፍ አንጀት መስሎ ሰው ኦፕራሲዮን ያስገባል። ፍሪጅ ውስጥ እንኳ የሚራባ ባክቴሪያ ነው። ጀርመኖች «ሜት» እያሉ ዳቦ ላይ የሚበሉት ጥሬ የተፈጨ የአሳማ ሥጋ ዋና መምጫው ነው። እርስዎ አሳማ የማይበሉ ከሆነ ዕድሉ ያንሳል፤ ግን በጥሬ ወተትና በደንብ ባልታጠበ አትክልትም ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይለቃል፤ የመገጣጠሚያ ህመም ትቶ ሊሄድ ይችላል። ሰባት ወር ሙሉ በየሌሊቱ ማላብ ጠባዩ አይደለም። ቢሆንም ሐኪምዎ በሰገራ ካልቸር ላይ ስሙን ጽፎ ለብቻው ቢጠይቅ መልካም ነው፤ አንዳንድ ላቦራቶሪ ካልተነገረው አይፈልገውም።

ብሩሴሎሲስ ከከብት፣ ከፍየልና ከግመል ጥሬ ወተት ይመጣል። ሆድ ሊያም፣ ጉበትና ጣፊያ ሊያሳብጥ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጀርባና መገጣጠሚያ አብሮ ያማል፤ ትኩሳቱም ይሄዳል ይመጣል። የአንጀት ቁስል የእሱ ምልክት አይደለም፤ ስለዚህ እርስዎ ጋ ወደኋላ አስቀምጠዋለሁ። አርብቶ አደር አካባቢ ላደጉና ዐረብ አገር የግመል ወተት ሳይፈላ ለሚጠጡ ወገኖቼ ግን ወደፊት አመጣዋለሁ። የደም ካልቸር ሲላክ ጥርጣሬው ለላቦራቶሪው መነገር አለበት፤ ባክቴሪያው ላቦራቶሪ ውስጥ በትንፋሽ ሠራተኛ ይይዛል።

ዊፕል የሚባል በጣም ብርቅ በሽታም አለ። በ1907 ነው መጀመሪያ የተጻፈለት። ብዙውን ጊዜ መካከለኛ ዕድሜ ላይ ያሉ አውሮፓውያን ወንዶችን ይይዛል፤ ከሆዱ በፊት ለዓመታት መገጣጠሚያ ያማል። ከላይኛው ትንሽ አንጀት በሚወሰድ ናሙና ይለያል። እርስዎ ጋ አልጠረጥረውም።

አገር ቤት ሆናችሁ ይህን የምታነቡ፣ ኮሎኖስኮፒ ሩቅ ቢሆንም መንገዱ አልተዘጋም። ሆድ ውስጥ ውሃ ካለ በመርፌ ተቀድቶ መመርመር በብዙ ሆስፒታል ይቻላል። ውሃው ሊምፎሳይት የሚባለው ነጭ የደም ሴል የበዛበት፣ ፕሮቲኑ ከፍ ያለ፣ ኤዲኤ የሚባለው ኢንዛይም በሊትር ከ39 ዩኒት በላይ ከሆነ ቲቢ በጣም ይጠረጠራል። በማይክሮስኮፕ ባክቴሪያውን ማየት ግን እምብዛም አይሳካም። ስለዚህ «ውሃው ላይ ቲቢ አልታየም» ሲባል ልባችሁ አይረፍ። የሚቻልበት ቦታ ሲገኝ በላፓሮስኮፒ (በትንሽ ቀዳዳ ሆድ ውስጥ በሚገባ ካሜራ) የሆድ ሽፋን ናሙና መውሰድ ከሁሉ የተሻለ መልስ ይሰጣል። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው።

ወደ ቤተሰብዎ ጥያቄ። የሆድ ቲቢ ብቻ ከሆነ ለባለቤትዎና ለልጅዎ አላስተላለፉም ማለት ይቻላል። ቲቢ የሚተላለፈው ከሳንባና ከጉሮሮ በሳል በሚወጣ አየር ነው፤ አብሮ በመብላት፣ በአንድ ዕቃ በመጠጣት፣ ልጅ በማቀፍ አይደለም። በአንድ ትሪ መብላቱን አይተዉ። የደረት ራጅ አስፈላጊ የሆነው ለዚህም ነው፤ ሳንባ ላይ ጥርጣሬ ካለ አክታም ይመረመራል። ቲቢ መሆኑ ከታወቀ ጀርመን ውስጥ ለጌዙንድሃይትስአምት (ለአካባቢው ጤና ቢሮ) ይነገራል፤ ሊደውሉልዎ ይችላሉ። አይደንግጡ፣ የሚጠይቁት ሌላ የሚመረመር ሰው እንዳለ ለማወቅ ነው። አገር ቤት ከሰነበቱ ልጅዎም አብሮ ሄዶ ጥሬ ወተት ጠጥቶ እንደሆነ ወይም ከሚያስል ዘመድ ጋር ከርሞ እንደሆነ ለሕፃናት ሐኪሙ ይንገሩት፤ የእሱ ጉዳይ ከእርስዎ አንጀት ጋር ሳይገናኝ ለብቻው መታየት አለበት።